የጊታር ሴትአፕ ምንድን ነው?

ጊታሩ በኦንላይን ታዘዘ፣ ደረሰ፣ ካርቶኑ ተከፈተ። ቀለሙ ልክ ፎቶው ላይ እንዳለው ነው። ተቃኘ፣ አምፕሊፋየር ላይ ተሰካ። ከዚያ ወፍራሙ ክር ዝዝ ይላል። የኤፍ ኮርድ ለመያዝ ጣት ያልቃል። ሳይያዝ ሲመታ ልክ የነበረው ክር ወደ አካሉ ጠጋ ተብሎ ሲያዝ ድምፁ ይስታል። ጀማሪው «ችግሩ እጄ ነው» ይላል። ትንሽ የቆየው ደግሞ «ተሸወድኩ» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ጊታሩ ሴትአፕ አልተሠራለትም።

ሴትአፕ ማለት የአንገቱን ቅስት፣ የክሮቹን ከፍታ፣ የእያንዳንዱን ክር ርዝመትና የፒክአፑን (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረውን ማግኔት ያለበት ክፍል) ርቀት እርስ በርስ እንዲስማሙ አድርጎ ማስተካከል ነው። ጥገና አይደለም። ምንም ያልተሰበረበት፣ ሙሉ ጤነኛ ጊታርም ሴትአፕ ይፈልጋል። ምክንያቱ እንጨት መሆኑ ነው። ከ0.010 ኢንች የሚጀምሩ ስድስት ክሮች በመደበኛው ቅኝት ሲወጠሩ አንገቱን ወደ 46 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ይጎትቱታል። እንጨቱ ደግሞ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ፋብሪካ ውስጥ በሚገባ የተስተካከለ ጊታር እንኳን መጋዘን ቆይቶና ብዙ ተጉዞ ሲደርስ አንገቱ ሌላ ቅርፅ ይዞ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ እንደደረሰ ለመነካካት አትቸኩሉ። አንድ ሌሊት ክፍሉን ይልመደው።

ካቻቪት ከማንሳታችሁ በፊት ግን አንድ ነገር አጣሩ። ሴትአፕ የማያድነው ጉድለት አለ ወይ? ጊታሩን እንደ ጠመንጃ አነጣጥራችሁ ከብሪጁ (ክሮቹ አካሉ ላይ ከሚያርፉበት) በኩል አንገቱን ተመልከቱ። ቀስ ያለ ቅስት ችግር የለውም፤ የተጠማዘዘ አንገት ግን ችግር ነው። አንድ ፍሬት (አንገቱን የሚያቋርጠው ቀጭን ብረት) ብቻ ከጎረቤቶቹ ከፍ ብሎ ከተገኘ እሱም በሴትአፕ አይስተካከልም። የፒክአፕ መቀያየሪያውን በየቦታው ሞክሩ። እንዲህ ያለ ነገር ካገኛችሁ የመመለሻ ጊዜው ሳያልፍ መልሱት። እኔ ብሆን አንድም ብሎን ሳላዞር እመልሰዋለሁ። ከተነካካ በኋላ ሻጭ «እናንተ ናችሁ ያበላሻችሁት» ማለት ይቀለዋል።

ጤነኛ ከሆነ ሥራው ይጀመር። እዚህ ላይ ዋናው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። እያንዳንዱ ማስተካከያ የሚቀጥለውን ይለውጣል። አንገቱ ሲንቀሳቀስ የክሩ ከፍታ ይቀየራል፤ ከፍታው ሲቀየር ቅኝቱ ይቀየራል። ከመጨረሻው የጀመረ ሰው ሥራውን ሁለት ጊዜ ይሠራዋል።

መጀመሪያ አዲስ ክር አስገቡ። በምትወዱት ውፍረት ይሁን፣ ከዚያ በኋላ አትቀያይሩ። ክሩን በእጃችሁ ሳብ ሳብ እያደረጋችሁ ቅኝቱ እስኪረጋ ድረስ ደጋግማችሁ ቃኙ። «ቅኝት አይይዝም» የሚባለው ስሞታ ግማሹ እዚህ ያበቃል።

ቀጥሎ አንገቱ። በውስጡ ትረስ ሮድ የሚባል ብረት ተቀብሯል። የክሮቹን ጉተታ የሚቋቋመው እሱ ነው። የሚስተካከለውን ዓይነት የጊብሰን ሠራተኛ የነበረው ታዴየስ ማክሂው እ.ኤ.አ. በ1921 ፓተንት እንዲሰጠው አመለከተበት። ሐሳቡ እስከ ዛሬ ብዙም አልተለወጠም። አንገቱ ፍጹም ቀጥ ማለት የለበትም፤ የሚርገበገበው ክር መሃል ላይ ቦታ ስለሚፈልግ ጥቂት መቅሰት አለበት። ለመለካት ክሩን አንደኛው ፍሬት ላይና አንገቱ ከአካሉ የሚገናኝበት ፍሬት ላይ ተጫኑት። ከዚያ ሰባተኛው ወይም ስምንተኛው ፍሬት ላይ በክሩና በብረቱ መካከል ያለውን ክፍተት እዩ። ከ0.2 እስከ 0.25 ሚሊሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። ተራ የፕሪንተር ወረቀት ወደ 0.1 ሚሊሜትር ስለሚሆን፣ ለሁለት የታጠፈ ወረቀት ክሩን ሳያነሳ ልክክ ብሎ ካለፈ ቀርባችኋል። ክፍተቱ ከበዛ ትረስ ሮዱን አጥብቁ፤ ጭራሽ ከጠፋ አላሉ። በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር አትለፉ፤ ከዚያ እንደገና ቃኝታችሁ ለኩ። ቁልፉ አልንቀሳቀስ ካለ አትታገሉት።

በትረስ ሮድ የክር ከፍታ ማውረድ የብዙ ሰው ፈተና ነው። ሲያጠብቁት ክሩ ወረድ ስለሚል የሠራ ይመስላል። ግን አንገቱ ወደ ኋላ ይለጠጥና የመጀመሪያዎቹ ፍሬቶች ይንጣጣሉ። ከፍታ የሚስተካከለው ብሪጁ ላይ ክሮቹን በሚደግፉት ትናንሽ ቁራጮች፣ በሳድሎቹ ነው። አስራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ወፍራሙ ኢ ወደ 2 ሚሊሜትር፣ ቀጭኑ ኢ ወደ 1.5 ሚሊሜትር ቢሆን ለብዙ ሰው ይመቻል። በኃይል የሚመታ ሰው ትንሽ ከፍ ያድርገው።

ዝዝታው ራሱ የት እንዳለ ከሰማችሁት መንስኤውን ይናገራል። ክሩ ሳይያዝ ሲመታና የመጀመሪያዎቹ ፍሬቶች ላይ ብቻ ከሆነ አንገቱ ከሚገባው በላይ ቀጥ ብሏል፣ ወይም ቀጥሎ የምናየው ነት ዝቅ ብሏል። ከመሃል ወደ ላይ ከሆነ ክሮቹ በጣም ወርደዋል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከሆነ ቀጥሎ ያለው ፍሬት ከፍ ብሏል ማለት ነው። ደግሞም በአምፕሊፋየሩ ካልተሰማ ብዙ አትጨነቁ። ኤሌክትሪክ ጊታር ሳይሰካ ትንሽ ቢነዝር የተለመደ ነው።

ነት የምንለው ክሮቹ ወደ መቃኛዎቹ ሲያልፉ የሚያርፉበትን ባለ ስድስት ቦይ ቁራጭ ነው። በርካሽ ጊታሮች ላይ ዋናው ተጠርጣሪ እሱ ይመስለኛል። ቦዩ ጥልቀት ካነሰው አንደኛው ፍሬት ላይ ስትጫኑ ክሩ ከመጠን በላይ ይወጠርና ድምፁ ይቀጥናል። ሲ እና ኤፍ ኮርድ የሚረብሹት፣ ወደ ላይ ሲወጣ ግን ሁሉም ሰላም የሚሆነው ለዚህ ነው። ክሩን ሦስተኛው ፍሬት ላይ ተጫኑና አንደኛው ፍሬት ላይ ያለውን ክፍተት እዩ። ለዓይን በጭንቅ የሚታይ መሆን አለበት። ቦዩን በሞረድ ማጥለቅ የባለሙያ ሥራ ነው፤ ከመጠን ካለፈ መመለሻ የለውም። ስትቃኙ ጥንግ የሚል ድምፅ እየሰጠ ቅኝቱ የሚዘል ከሆነ ግን ክሩ ቦዩ ውስጥ እየያዘው ነው። ቦዩ ውስጥ የመጻፊያ እርሳስ ቀቡበት።

ተንሳፋፊ ትሬሞሎ (በዘንግ እየተንቀሳቀሰ ድምፁን የሚያወዛውዝ ብሪጅ) ካለው ከጀርባ ያሉት ሞላዎች ከክሮቹ ጋር ጉተታ ይዘዋል። ወፍራም ክር ስታስገቡ ብሪጁ ወደ ፊት ይነሳል፤ ሞላዎቹን የያዙትን ሁለት ብሎኖች ማጥበቅ ነው። ቋሚ ብሪጅ ያለው ይህን ይዝለለው።

አሁን ኢንቶኔሽን፤ ማለትም ክሩ በየፍሬቱ ሲያዝ ልክ የሆነ ድምፅ መስጠቱ። አስራ ሁለተኛው ፍሬት የክሩን ርዝመት እኩል ስለሚከፍል፣ እዚያ የሚወጣው ድምፅ ክሩ ሳይያዝ ከሚሰጠው በትክክል አንድ ኦክታቭ ከፍ ማለት አለበት። ግን ክሩን ስትጫኑት ጥቂት ይለጠጣል፣ ድምፁም በዚያው ልክ ይወጣል። ለዚህ ማካካሻ ሳድሉ ከስሌቱ ትንሽ ወደ ኋላ ይደረጋል። ወፈር ላለ ክር ማካካሻው ይበዛል፤ ሳድሎቹ ደረጃ የሠሩት ለዚህ ነው። አሞካከሩ ቀላል ነው። ክሩን ሳትይዙ በቲዩነር ልክ ቃኙት፣ ከዚያ አስራ ሁለተኛው ላይ ይዛችሁ ምቱት። ድምፁ ከልኩ ወደ ላይ ከወጣ ሳድሉን ወደ ኋላ፣ ከወረደ ወደ ፊት አድርጉ። ከእያንዳንዱ ንክኪ በኋላ እንደገና ቃኙ። ፍጹም ይሆናል ብላችሁ አትጠብቁ። ፍሬቶቹ የተደረደሩት በእያንዳንዱ እርምጃ ድምፁ 1.0595 ጊዜ ገደማ ከፍ እንዲል ሆኖ ነው። ይህ አከፋፈል ደግሞ ለሁሉም የሙዚቃ ቁልፍ እንዲሠራ ሲባል እያንዳንዱን ኮርድ በጥቂቱ ያጓድለዋል።

ኢንቶኔሽኑ አልገኝ ብሎ የሚያሳብድ ከሆነ ፒክአፑን ጠርጥሩ። ክሩ አጠገብ ከተጠጋ ማግኔቱ ክሩን ይጎትተውና ድምፁ ይወላገዳል። በመጨረሻው ፍሬት ተጭናችሁ በክሩና በፒክአፑ መካከል ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ካለ መነሻው ጥሩ ነው።

ጫፉ ጣት የሚቧጥጥ ፍሬት ካገኛችሁ እንጨቱ ደርቆ ተኮማትሯል፣ ብረቱ ግን ባለበት ቀርቷል ማለት ነው። የክፍሉን እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ባለው መካከል ማቆየት እንዳይባባስ ይረዳል፤ የወጣውን ጫፍ ግን ሞረድ ነው የሚያስተካክለው። የጃኩ (ገመዱ የሚሰካበት ቀዳዳ) ዳዶ ከላላ አጥብቁት፣ ሽቦው እንዳይጠማዘዝ ግን ከውስጥ ያዙት። ባለ ነጠላ ጥቅል ፒክአፕ ላይ ክሩን ስትነኩ የሚቀንስ እምምታ ብልሽት አይደለም።

ነቱንና ፍሬቱን ለባለሙያ ስትሰጡ የምትጠቀሙበትን የክር ውፍረትና ቅኝት አብራችሁ ንገሩት። ድሮፕ ዲ (ወፍራሙ ክር ከኢ ወደ ዲ የሚወርድበት ቅኝት) ለሚጫወት ሰው በመደበኛ ቅኝት የተሠራ ሴትአፕ ወፍራሙን ክር ልል አድርጎ ሊያንጣጣው ይችላል።