ኬርቤሮስ ምንድን ነው?

አንድ ሰው ጠዋት ኮምፒውተሩን ከፍቶ ፓስወርዱን አንድ ጊዜ ያስገባል። ከዚያ በኋላ ፋይል ሰርቨሩን ሲከፍት፣ ኢሜይሉን ሲያይ፣ ወደ ፕሪንተር ሲልክ ማንም ዳግም «ማነህ?» ብሎ አይጠይቀውም። ብዙዎች ይህን ሲያዩ ኮምፒውተሩ ፓስወርዱን ይዞ ለየሰርቨሩ እየላከ ይመስላቸዋል። ኬርቤሮስ ባለበት ኔትወርክ ግን ፓስወርዱ ከተተየበበት ማሽን አይወጣም። በሽቦው ላይ የሚመላለሰው ትኬት ነው።

ኬርቤሮስ እንግዲህ በኔትወርክ ላይ የሰውንም የሰርቨርንም ማንነት በትኬት የሚያረጋግጥ ፕሮቶኮል ነው። ስሙ በግሪክ አፈ ታሪክ የሙታንን ዓለም በር ከሚጠብቀው ባለ ሦስት ራስ ውሻ የተወሰደ ነው። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1983 በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ በተጀመረው የአቴና ፕሮጀክት ውስጥ ነው። ፕሮጀክቱ ተማሪው በየትኛውም ማሽን ፊት ተቀምጦ የራሱን ፋይል እንዲያገኝ ይፈልግ ነበር። ማሽኖቹ ግን ማንም የሚነካካቸው ናቸው፤ «እገሌ እዚህ ተቀምጧል» ቢሉ ቃላቸው አይታመንም። ሽቦውም ያው ነው፤ በመሃል ገብቶ የሚያዳምጥ አይጠፋም። ስለዚህ ሁሉንም ተጠራጥሮ፣ በተቆለፈ ክፍል ያለ አንድ ማሽን ብቻ የሚታመንበት አሠራር ተነደፈ። መሠረቱ ኒድሃምና ሽሮደር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1978 ያቀረቡት ሐሳብ ነበር። ዛሬ የምንጠቀምበት 5ኛው ሥሪት በ1993 ወጣ፣ በ2005 መግለጫው ታደሰ። ማይክሮሶፍት ከዊንዶውስ 2000 ጀምሮ የተጠቃሚዎችና የማሽኖች ማዕከላዊ መዝገብ ለሆነው ለአክቲቭ ዳይሬክተሪ ዋና መግቢያ ስላደረገው፣ ስሙን ሰምቶት የማያውቅ ሰው እንኳ በየቀኑ ይጠቀምበታል።

ጠዋት ፓስወርድ ሲገባ ምን ይሆናል?

ነገሩን ቀረብ ብለን እንየው። ተጠቃሚው ስሙን ሲያስገባ ኮምፒውተሩ ኬዲሲ ወደሚባለው ማዕከል፣ ማለትም ወደ ቁልፍ አከፋፋዩ፣ በፖርት 88 «እገሌ ነኝ፣ ትኬት ስጠኝ» የሚል መልእክት ይልካል። ኬዲሲው «መጀመሪያ እገሌ ለመሆንህ ማስረጃ አምጣ» ይለዋል። ኮምፒውተሩ የተተየበውን ፓስወርድ ከተጠቃሚው ስምና ከሪልሙ፣ ማለትም ኬዲሲው ከሚያስተዳድረው ክልል፣ ስም ጋር ቀላቅሎ ይፈጨዋል፤ ምስጠራው በስፋት የሚሠራበት ኤኢኤስ ከሆነ በተለምዶ 4096 ጊዜ ደጋግሞ። ከወፍጮው የሚወጣው ቁልፍ ነው። በዚያ ቁልፍ የአሁኑን ሰዓት ያመሰጥርና ይልካል። ኬዲሲው የተጠቃሚውን ቁልፍ በመዝገቡ ስለያዘ ይፈታዋል። ከውስጡ አሁን ካለው ሰዓት ጋር የሚቀራረብ ሰዓት ከወጣ፣ ላኪው ፓስወርዱን ያውቃል ማለት ነው። ፓስወርዱ ራሱ ግን አንዴም አልተላከም።

አሁን ሁለት ነገር ይመለሳል። አንዱ በተጠቃሚው ቁልፍ የተመሰጠረ ጊዜያዊ ቁልፍ ነው። ሌላው ቲጂቲ ይባላል፤ ሌሎች ትኬቶች የሚወጡበት ትኬት ነው። ቲጂቲው በኬዲሲው በራሱ ቁልፍ ስለታሸገ የያዘው ሰው እንኳ ከፍቶ ሊያነበው አይችልም፤ ይዞት ይዞራል እንጂ።

ፋይል ሰርቨሩ ሲያስፈልግ ኮምፒውተሩ ቲጂቲውን ይዞ ወደ ኬዲሲው ይመለስና ለዚያ ሰርቨር ብቻ የሚያገለግል ሁለተኛ ትኬት ይቀበላል። ይህኛው የታሸገው በፋይል ሰርቨሩ ቁልፍ ነው። ሰርቨሩ ትኬቱን በራሱ ቁልፍ ሲከፍተው የባለቤቱን ስም፣ የሚያበቃበትን ሰዓትና ሁለቱ የሚነጋገሩበትን ጊዜያዊ ቁልፍ ያገኛል። ተጠቃሚውም ትኬቱን ከሌላ ሰው ሰርቆ እንዳላመጣው በዚያው ጊዜያዊ ቁልፍ ሰዓት አመስጥሮ ያሳያል።

እኔ በጣም የምወደው ነገር እዚህ ላይ ነው፦ ሰርቨሩ ትኬቱን ለማረጋገጥ ወደ ኬዲሲው አይደውልም። ሁሉም ነገር ትኬቱ ውስጥ አለ። ጦሱም ከዚሁ ይመጣል። የወጣ ትኬት መልሶ አይነጠቅም። አንድ ሠራተኛ ተሰናብቶ አካውንቱ በሦስት ሰዓት ቢዘጋ፣ ጠዋት ለፋይል ሰርቨሩ ያወጣው ትኬት ሰዓቱ እስኪያልፍ በዚያ ሰርቨር ዘንድ ሕጋዊ ነው። የትኬት ዕድሜ በአክቲቭ ዳይሬክተሪ ካልተቀየረ በቀር 10 ሰዓት፣ የሚታደስበት ጊዜም 7 ቀን የሆነው በከንቱ አይደለም። ዕድሜውን አሳጥሩት ቢባል ሰው ፓስወርድ ሲተይብ ይውላል፤ አስረዝሙት ቢባል የተሰረቀ ትኬት ለሌባው ብዙ ያገለግላል።

ስናዋቅረው የሚያስቸግረው

የማዋቀሪያው ፋይል በራሱ አጭር ነው። የሪልሙ ስም፣ ኬዲሲው ያለበት ማሽን፣ የትኛው ዶሜይን ወደ የትኛው ሪልም እንደሚሄድ፤ አለቀ። የሪልም ስም በልማድ በካፒታል ሌተር ይጻፋል፤ ኬርቤሮስም ካፒታሉንና ስሞሉን እንደ ሁለት የተለያዩ ስሞች ያያቸዋል። በግዕዝ ፊደል ላደግን ሰዎች ፊደል ትልቅና ትንሽ መሆኑ ቁም ነገር አይመስልም። እዚህ ግን አንዷ ፊደል ብታንስ «እንዲህ ያለ ሪልም አላውቅም» የሚል መልስ ይመጣል።

ከልምዴ የምለው ካለ፣ የኬርቤሮስ ችግር ከፓስወርድ የሚመነጨው አልፎ አልፎ ነው። ባብዛኛው ጥፋተኛው ሰዓት ወይም ስም ነው።

ሰዓቱን ላስቀድም። በማሽኖች መካከል የሚፈቀደው የሰዓት ልዩነት በተለምዶ 5 ደቂቃ ነው። ይህ ገደብ ባይኖር ኖሮ ትናንት የተጠለፈ መልእክት ዛሬ ተመልሶ በተላከ ነበር። አንድ ቀን ቆሞ የነበረ ቨርቹዋል ማሽን ሲነሳ ሰዓቱ 7 ደቂቃ ወደኋላ ቀርቶ ነበር፤ ማሽኑ ደግሞ ፋይል ሰርቨሩ ነው። ሰው ሁሉ ኮምፒውተሩ ውስጥ ይገባል፣ ኢሜይሉን ያያል፣ ፋይል ሲነካ ግን «አይፈቀድም» ይባላል። እኔም የፎልደር ፈቃድ ስፈትሽ፣ አልፎም የሁለት ሰዎችን ፓስወርድ ስቀይር ግማሽ ቀን ፈጀሁ። ሎጉ ውስጥ «የሰዓት ልዩነቱ ከመጠን አልፏል» የሚል አንድ መስመር ተቀምጦ ይጠብቀኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ የማየው ሰዓት ነው። ሁሉም ማሽን በኤንቲፒ ከአንድ ምንጭ ሰዓት እንዲቀዳ ማድረግ ከኬርቤሮሱ ተከላ በፊት የሚያልቅ ሥራ ነው።

ስሙ ደግሞ የማሽንን ስም ወደ አድራሻ ከሚተረጉመው ከዲኤንኤስ ጋር የተያያዘ ነው። ትኬት የሚጠየቀው በሰርቨሩ ሙሉ ስም ነው። ኬዲሲው ሰርቨሩን በአንድ ስም መዝግቦት ተጠቃሚው በሌላ ቢጠራው «በመዝገቤ የለም» ይላል። ዊንዶውስ ላይ ሰርቨሩን በአይፒ አድራሻ ብትጠሩት፣ ሲስተሙ ካልተቀየረ በቀር ድምፁን አጥፍቶ ኤንቲኤልኤም ወደተባለው አሮጌ አሠራር ይመለሳል። ሥራው ስለሚሠራ ማንም ልብ አይለውም።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ እንዳላልፍ። ኬርቤሮስ በራሱ «ይህ ሰው እገሌ ነው» ይላል እንጂ ምን እንደተፈቀደለት፣ የየትኛው ግሩፕ አባል እንደሆነ አይናገርም። ሊነክስ ላይ ያንን የሚነግረው አብዛኛውን ጊዜ ኤልዳፕ የሚባለው የተጠቃሚዎች ማውጫ ነው። ሁለቱንም ከመግቢያው ጋር የሚያገናኘው ፓም ሲዋቀር የሩት፣ ማለትም የማሽኑ አለቃ፣ አካውንት በማሽኑ በራሱ ፓስወርድ እንዲገባ ተዉት። ኬዲሲው የወደቀ ቀን ለመጠገን የሚገባ ሰው ያስፈልጋል።

ፓስወርዱስ?

ትኬት ስላለ ፓስወርድ ቀለለ ማለት አይደለም፤ ጭራሽ ከበደ። ሁሉም ቁልፍ ከእሱ የሚፈጭ ነውና። በኬዲሲው ላይ ፖሊሲ ተብሎ የሚወጣው ደንብ ትንሹን ርዝመት፣ ምን ያህል የፊደል ዓይነት መቀላቀል እንዳለበት፣ ስንት የድሮ ፓስወርድ ዳግም እንደማይሠራና ፓስወርዱ የሚቆይበትን ጊዜ ይወስናል። ተጠቃሚው ኬ-ፓስወርድ በሚባለው ትዕዛዝ ሲቀይር ለውጡ የሚሄደው በፖርት 464 ነው። ፋየርዎል ላይ 88ን ከፍተው ይህንን የሚረሱ አሉ፤ ያኔ ሰው ይገባል፣ ፓስወርድ መቀየር ግን አይችልም። በየሦስት ወሩ ቀይሩ የሚለውን ደንብ እኔ አልወደውም። ሰው የመጨረሻዋን ቁጥር ከ1 ወደ 2 ከመለወጥ አያልፍም። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስትም በ2017 ባወጣው መመሪያ፣ ለመሰረቁ ምልክት ከሌለ በቀር በየጊዜው አስገድዶ ማስቀየርን አይመክርም። ርዝመት ይሻላል።

ሰርቨሮችም ፓስወርድ አላቸው፤ ነገር ግን የሚተይብላቸው ሰው ስለሌለ ቁልፋቸው ኪይታብ በሚባል ፋይል ውስጥ ይቀመጣል። ኪይታብን እንደ ተጻፈ ፓስወርድ ቁጠሩት፤ ያነበበው ሁሉ ሰርቨሩን መምሰል ይችላል። በኤምአይቲው ሥሪት ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ኬ-አድሚን በተባለው የማስተዳደሪያ ትዕዛዝ ኪይታብ ስታወጡ ቁልፉን ቀድቶ አይሰጣችሁም፤ አዲስ ቁልፍ ፈጥሮ፣ የሥሪት ቁጥሩን በአንድ ጨምሮ ይሰጣችኋል። ስለዚህ ለአንድ አገልግሎት በሁለት ማሽን ላይ ሁለት ጊዜ ብታወጡ፣ ሁለተኛው እንደተሳካ የመጀመሪያው ይሞታል። ያለው መላ አንድ ጊዜ አውጥቶ ፋይሉን በጥንቃቄ መገልበጥ ነው።

ለአገልግሎት አካውንት ሰው ያሰበው ፓስወርድ መስጠት ደግሞ ሌላ አደጋ አለው። በኔትወርኩ ላይ አካውንት ያለው ማንኛውም ሰው ለማንኛውም አገልግሎት ትኬት መጠየቅ ይችላል፤ ትኬቱ በዚያ አገልግሎት ቁልፍ የታሸገ ነው። ጠያቂው ወደ ቤቱ ወስዶ፣ ማንም ሳያየው፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ግምት እየሞከረ ሊከፍተው ይችላል። ኬርቤሮስቲንግ የሚባለው ጥቃት ይህ ነው፤ በ2014 በይፋ ከቀረበ ወዲህ የሰርጎ ገቦች የዘወትር መሣሪያ ሆኗል። ማሽን በዘፈቀደ የፈጠረው ረጅም ቁልፍ ከሆነ ግን ግምቱ ዕድሜ ልክ ቢቀጥል አይደርስበትም። ለሰው ተጠቃሚዎችም ሰዓት አመስጥሮ የማሳየቱ ቅድመ ማረጋገጫ ግዴታ መሆኑን አረጋግጡ። እሱ ከሌለ ኬዲሲው በተጠቃሚው ቁልፍ የተመሰጠረ መልስ ለጠየቀው ሁሉ ያድላል።

የሁሉ ቁንጮ የኬዲሲው የራሱ ቁልፍ ነው፤ አካውንቱ ኬአርቢ-ቲጂቲ ይባላል። እሱን የሰረቀ ሰው ቲጂቲን እንደፈለገ፣ በፈለገው ስም፣ ለፈለገው ዕድሜ ያትማል። አክቲቭ ዳይሬክተሪ ውስጥ መሰረቁ ከተጠረጠረ ፓስወርዱ አንድ ጊዜ ሳይሆን ሁለት ጊዜ መቀየር አለበት፤ ሲስተሙ ያለፈውን ቁልፍም ይዞ ስለሚቆይ በአንድ ለውጥ የሌባው ትኬት አይሞትም። በሁለቱ ለውጦች መካከል ቢያንስ የአንድ ትኬት ዕድሜ፣ ማለትም 10 ሰዓት፣ ይጠበቃል፤ አለዚያ የሌባው ብቻ ሳይሆን በኔትወርኩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ትኬት በአንድ ቅጽበት ዋጋ ያጣል።