የጋሊሲያ የሙሰል እርሻ

ሙሰል በሁለት ጥቁር ዛጎሎች መካከል የሚኖር፣ ዐለት ላይ ተጣብቆ የሚያድግ የባሕር እንስሳ ነው። በአውሮፓ ሙሰልን በብዛት በማምረት ስፔንን የሚያህል የለም። ምርቷም ከሞላ ጎደል ሁሉ የሚመጣው በሰሜን ምዕራብ ጠረፏ ከምትገኘው ከጋሊሲያ ነው። እዚያ አትላንቲክ የጥንት የወንዝ ሸለቆዎችን ሞልቶ ሪያ የሚባሉ ረጃጅም ወሽመጦችን ፈጥሯል። እርሻው የተጀመረው በ1940ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) በአሮሳ ሪያ ሲሆን፣ ዛሬም አብዛኛው ያለው እዚያው ነው።

ሙሰል መኖ አይፈልግም። ሳልሞን የሚያረባ ሰው ከሌላ ዓሣ የተሠራ መኖ ይገዛል፤ የሙሰል ገበሬ ግን አንዲት ፍሬ አይበትንም። ከመጋቢት እስከ መስከረም የሚነፍሰው የሰሜን ነፋስ የላዩን ውኃ ወደ ውቅያኖስ ሲገፋው፣ ቀዝቃዛና በማዕድን የበለጸገ ውኃ ከጥልቁ ይወጣል። በእርሱም ዓይን የማያያቸው ጥቃቅን ዕፅዋት ይራባሉ፤ ሙሰሉ ውኃውን እያጣራ እነርሱን ይበላል።

የእርሻው መሣሪያ ባቴያ ይባላል፤ እኛም አገር በደንብ ከምናውቀው ከባሕር ዛፍ ግንድ የሚሠራ ተንሳፋፊ መድረክ ነው። ቢበዛ 500 ካሬ ሜትር ይሰፋል፤ እያንዳንዳቸው እስከ 12 ሜትር የሚረዝሙ እስከ 500 ገመዶች ይንጠለጠሉበታል። ጥቃቅኑን ሙሰል ገመዱ ላይ የሚያስሩት ውኃ ውስጥ በሚሟሟ ስስ መረብ ነው፤ መረቡ ሲጠፋ እንስሳው በራሱ ክር ይጣበቃል። ከጥቂት ወራት በኋላ ገመዱ በክሬን ወጥቶ ሙሰሉ ይሳሳና በብዙ ገመዶች ይከፋፈላል። አለዚያ ተጨናንቆ ይረግፋል። ለገበያ የሚደርሰው በአንድ ዓመት ወይም በአንድ ዓመት ተኩል ነው።

እርሻው መኖ አይፈልግም ማለት ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። ከመድረኩ ሥር እዳሪና ዛጎል ይከማቻል፤ መድረኮቹ ሲበዙም ምግቡ ለሁሉም አይበቃም። የባቴያዎቹ ቁጥር ለአሥርት ዓመታት 3,300 አካባቢ ላይ መቆየቱ፣ በእኔ እይታ፣ እርሻውን ከሁሉ በላይ ያቆየው ነገር ነው። አብዛኞቹ ባለቤቶችም ቤተሰቦች ናቸው።

ትልቁ ሥጋት መርዛማ አልጌ ነው፤ ይኸውም ሙሰሉ ከሚበላቸው ጥቃቅን ዕፅዋት መርዝ ያለው ዓይነት ነው። መርዙ ሙሰሉን ሳይጎዳ በሥጋው ይከማቻል፤ የበላውን ሰው ግን ያስቀምጣል፣ አንዳንዱ ዓይነት ሽባ እስከ ማድረግ ይደርሳል። መቀቀል አያጠፋውም። ስለዚህ ውኃውና ሥጋው በየጊዜው ይመረመራል፤ መርዝ ሲገኝ ክልሉ ይዘጋል፣ አንዳንዴ ለወራት። በ2002 (እ.ኤ.አ.) ፕሬስቲጅ የተባለው ነዳጅ ጫኝ መርከብ በሰጠመ ጊዜ ደግሞ የአሮሳ ሰዎች በጀልባዎቻቸው ወጥተው ጥቁሩን ዘይት በእጃቸውና በባልዲ እየቀዱ ከሪያው ውጭ አስቀርተውታል።

ምርቱ ትኩስ ሆኖ በተለይ ወደ ጣሊያንና ፈረንሳይ ይላካል፤ ከፊሉ በኮምጣጤና በዘይት ተዘጋጅቶ በቆርቆሮ ይታሸጋል። በ2007 (እ.ኤ.አ.) የአውሮፓ ኅብረት ለጋሊሲያ ሙሰል ጥበቃ ያለው የትውልድ ቦታ ስም ሰጥቶታል፤ በዚህ ስም ሊሸጥ የሚችለው የዚያው ምርት ብቻ ነው።

አሁን የሚያስጨንቀው የዘሩ፣ ማለትም ገመድ ላይ የሚታሰረው የጥቃቅኑ ሙሰል፣ ማነስ ነው። ዘሩ ከክፍት ባሕር ዐለቶች ላይ ይፋቃል፤ ዐለቶቹ ሲራቆቱ ከዚያው ሌላ የባሕር ፍሬ ከሚለቅሙ ሰዎች ጋር ክርክር ይነሣል። ስለዚህ ብዙ ገበሬዎች ባዶ ገመድ ሪያው ውስጥ ሰቅለው፣ የሚንሳፈፈው እጭ መጥቶ እንዲይዝ ያደርጋሉ።