ሃይላንድ፣ ዱላና ባቄላ፦ የአንደኛ ደረጃ ልጆች የተግባር ሳይንስ

ሳይንስን በተግባር ማስተማር ሲባል ብዙ ሰው ዓይኑ ላይ የሚመጣው ነጭ ጋውን፣ የመስታወት ቱቦና ማይክሮስኮፕ ነው። ለአንደኛ ደረጃ ልጆች ግን ነገሩ ሌላ ነው። ልጁ አንድ ነገር ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ይገምታል። በእጁ ይሞክራል። ያየውን ደብተሩ ላይ ይጽፋል ወይም ይሥላል። ከዚያ ከግምቱ ጋር ያስተያያል። ዕቃው ባዶ ሃይላንድ ወይም አንድ እፍኝ ባቄላ ሊሆን ይችላል፤ ዱላም ይበቃል። ግምቱ ከሌለ ግን ዕቃው የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ልጁ ተመልካች ነው። ኮምጣጤና ቤኪንግ ሶዳ ቀላቅሎ አረፋ ማስገንፈል ያስጨበጭባል። ከጭብጨባው በኋላ «ኮምጣጤውን ብንቀንሰውስ?» የሚል ልጅ ካልተነሣ ግን ትርኢት ሆኖ ቀረ።

በኢትዮጵያ ይህ ሥራ የሚገኘው «አካባቢ ሳይንስ» በሚባለው ትምህርት ውስጥ ነው። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ይሰጣል። 7ኛና 8ኛ ላይ ጠቅላላ ሳይንስ ይተካዋል። መጻሕፍቱ የተግባር ሥራ አላጡም። የሚጎድለው ጊዜና ቦታ ነው። ለአንደኛ ደረጃ የተቀመጠው መለኪያ በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ነው፤ ከዚያ የሚበልጥባቸው ክፍሎችም ብዙ ናቸው። አንድ ክፍለ ጊዜ ደግሞ ልጆቹ ተቀምጠው እስኪረጋጉ ያልቃል። ስለዚህ ሙከራው ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይሠራል። መምህሩ ሥዕሉን ይሥላል፣ ውጤቱንም ይጽፋል፣ ልጆቹ ይገለብጣሉ። እንዲህ የተሠራ ሙከራ ሁልጊዜ ይሳካል፤ ችግሩም እሱ ነው።

በወዳደቀ ዕቃ ሳይንስ ማስተማር የድሃ አገር መላ ብቻ አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቤተ ሙከራቸው ለፈረሰባቸው አገሮች መምህራን ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1948 አንድ አነስተኛ መመሪያ አሳትሞ ነበር። ሐሳቡ መሣሪያውን ከጣሳ፣ ከሽቦና ከጠርሙስ ራሳችሁ ሥሩት የሚል ነው። ይኸው ሰፍቶ በ1956 ትልቅ የመምህራን መጽሐፍ ሆነና በብዙ ቋንቋ ተተረጎመ። በ1960ዎቹ ደግሞ በአፍሪካ የመጀመሪያ ደረጃ ሳይንስ የሚያስተምር ፕሮግራም ተጀመረ። ትምህርቱ የተቀዳው ከልጆቹ ደጃፍ ነበር። ለምሳሌ ደረቅ አሸዋ ላይ የሾጣጣ ቅርጽ ያለው ጉድጓድ ቆፍሮ ከሥሩ ለጉንዳን የሚያደባውን ትንሽ ነፍሳት አንድ ሙሉ ትምህርት አድርገውታል። እውነትም ይገባዋል፤ ወደ ኋላ ሲሄድ ያየ ልጅ አይረሳውም።

የዚህን ፕሮግራም ውጤት ኬንያ ውስጥ የመዘነችው ኤሌኖር ዳክዎርዝ የመረጠችው መንገድ ዛሬም ያስቀናል። ፈተና አላወጣችም። ልጆቹን የተለያየ ዕቃ ያለበት ክፍል አስገብታ የፈለጉትን እንዲሠሩ ተወቻቸውና ምን ያህል ሐሳብ እንደሚያፈልቁ ተከታተለች። በፕሮግራሙ የተማሩት ልጆች ካልተማሩት ይልቅ ብዙና የተወሳሰበ ነገር ሞከሩ። «ምን ያህል ያውቃል?» ከማለት «ዕቃ ሲሰጠው ምን ያደርግበታል?» ብሎ መጠየቅ እንደሚቻል ያሳየ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ግቢው እንውጣ። ከሁሉ ርካሹና፣ እንደኔ እንደኔ፣ ከሁሉ የበለጸገው ሥራ ዱላና ጥላ ነው። አንድ ሜትር ቀጥ ያለ ዱላ ይተከላል። ልጆቹ ቀትር ላይ ጥላው የት እንደሚደርስ በጠመኔ ወይም በጠጠር አስቀድመው ምልክት ያደርጋሉ። ከዚያ ከረፋዱ ጀምሮ በየ30 ደቂቃው የጥላው ጫፍ ላይ ጠጠር ይቀመጣል። መጀመሪያ የሚያስገርማቸው ጥላው በጣም የሚያጥረው ልክ በ6 ሰዓት አለመሆኑ ነው። የአገራችን ሰዓት የተቀመረው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ነው። አዲስ አበባ ወደ 39 ዲግሪ ግድም ላይ ስለሆነች ፀሐይ ትዘገይባታለች። እውነተኛው ቀትር እንደ ወሩ ከ6 ሰዓት ከ10 ገደማ እስከ 6 ሰዓት ከ40 ገደማ ይዋዥቃል።

ሁለተኛው ግርምት አቅጣጫው ነው። በአውሮፓ የተጻፉ መጻሕፍት የቀትር ጥላ ሁልጊዜ ወደ ሰሜን ይወድቃል ይላሉ። ለነሱ ልክ ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን ታኅሣሥ ውስጥ የአንድ ሜትር ዱላ ጥላ 63 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ሲሆን፣ ሰኔ ላይ 26 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ነው። በመካከሉ ፀሐይዋ አናት ላይ የምትቆምባቸውና ጥላው የሚጠፋባቸው ሁለት ቀኖች አሉ፤ አንዱ ሚያዝያ 5 አካባቢ፣ ሌላው ነሐሴ 23 አካባቢ። አርባ ምንጭ ላይ የመጀመሪያው ቀን ቀደም ብሎ በመጋቢት መጨረሻ ይመጣል፤ መቀሌ ላይ ዘግይቶ ሚያዝያ 18 አካባቢ። የሁለት ከተማ ትምህርት ቤቶች የለኩትን የጥላ ርዝመት በስልክ ቢለዋወጡ የምድርን ክብነት ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ነገር አይገኝም። ይህ ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ዱላና ትዕግሥት ነው። ትዕግሥቱ ትንሽ ያስቸግራል፤ ሥራው ወራት ይፈልጋላ።

ባቄላ ማብቀል ሁሉም ያውቀዋል። ብርጭቆ፣ እርጥብ ሶፍት፣ አንድ ፍሬ። ብዙ ጊዜ «አየህ፣ በቀለ» ተብሎ እዚያው ይቀራል። እዚህ ላይ ነው ማወዳደር የሚያስፈልገው። ከባቄላው ጎን ቦሎቄ ይዘራ። ቦሎቄ ሲበቅል ሁለቱን ክኮቹን ተሸክሞ ከአፈር በላይ ይወጣል። ባቄላ ግን ክኩን አፈር ውስጥ ትቶ ቡቃያውን ብቻ ይልካል። ሽምብራስ እንደ ማን ይሆናል? ልጆቹ ይወራረዱ። (እንደ ባቄላው ነው፤ ግን አትንገሯቸው።) አንዱ ብርጭቆ ቁም ሣጥን ውስጥ ይግባ። ብዙ ልጅ ያለ ብርሃን አይበቅልም ብሎ ይገምታል። ይበቅላል፤ ገርጥቶና ረዝሞ። ሌላው ብርጭቆ በጎኑ ይጋደም፤ ሥሩ ዞሮ ወደ ታች ያመራል። አንድ ተንኮለኛ ልጅ የሽምብራ ቆሎ ልዝራ ካለ ደግሞ ይፈቀድለት። እሳት ዘሩን እንደገደለው በራሱ ይደርስበታል። አንድ ጥንቃቄ አለ። ፍሬው ከጓዳ የመጣ ይሁን እንጂ ለእርሻ ተብሎ መድኃኒት የተቀባ ዘር አይሁን።

ማድ ቤት ሳይቀር ቤተ ሙከራ ነው። እርሾ የገባበት የጤፍ ሊጥ በሁለት ሃይላንድ ውስጥ እኩል እኩል ይደረግና አፋቸው ላይ ፊኛ ይታሰራል። አንዱ ሞቅ ያለ ቦታ፣ አንዱ ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጣል። የትኛው ፊኛ ቀድሞ ይነፋል? የእንጀራውን ዓይን የሚሠራው ያው ፊኛውን የነፋው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። እናቶች በክረምት «ሊጡ አልኮመጠጠም» ሲሉ የሰማ ልጅ ምክንያቱን እዚህ ያገኘዋል። ካርካዴ ደግሞ ሌላ ጥሩ ነገር አለው። የተፈላው ካርካዴ ላይ ሎሚ ሲጨመር ቅላቱ ይደምቃል። ከአመድ የተጠለለ ውኃ ሲጨመር ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ይሄዳል። ሳሙናስ? ኮምጣጤስ? አሲድና ቤዝ የሚባሉትን ቃላት ከዚህ በኋላ ማምጣት ይቀላል። የአመዱን ውኃ መምህሩ ይያዝ፤ ዓይን ያቃጥላል።

በክረምት መግቢያና በበልግ የዝናብ መለኪያ ይሠራል። ጎኑ ቀጥ ያለ ሃይላንድ አንገቱ ላይ ይቆረጥና አፉ ተገልብጦ እንደ ማጥለያ ይገባበታል። የታችኛው ክፍል ወጣ ገባ ስለሆነ በጠጠርና በውኃ ተሞልቶ ዜሮው ከዚያ በላይ ይሰመራል። ይህን የሚዘሉት ብዙዎች ናቸው፤ ልኬታቸውም ይበላሻል። ቁጥሩ ከተገኘ ሒሳብ ይከተላል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ነው። 20 ሚሊ ሜትር የዘነበ ቀን 100 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው የትምህርት ቤት ቆርቆሮ ላይ 2,000 ሊትር ወርዷል። አሥር በርሜል መሆኑ ነው።

የተፈጥሮ ምልከታ ግን ከሙከራ ይለያል፤ ዋናው ሥራ ዝም ብሎ ማየት ነው። የጉንዳን መንገድ ላይ ስኳርና ጨው ጎን ለጎን ማስቀመጥ፣ ግቢ ውስጥ የሚያርፉትን ወፎች በሥዕል መመዝገብ፣ አንድ ዛፍ መርጦ ቅጠሉን በየወሩ መሣል። የገጠር ልጅ እዚህ ላይ ከከተማው ይበልጣል። የትኛውን ሣር ከብት እንደማይበላ ያውቃል። ችግሩ ይህን እውቀቱን ትምህርት ቤቱ «ሳይንስ» ብሎ አለመጥራቱ ነው። ለመምህራን የምመርጠው ታሪክ የዶክተር አክሊሉ ለማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣዎቹ የብልሃርዝያ ተሸካሚዎች ነበሩ። ከዚያ ምልከታ የተነሣው ምርምር በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር አስገኘላቸው። ወንዙንና አጣቢዎቹን ስንቱ ሰው አይቷቸዋል።

ለ50 ልጅ እንዴት ይሆናል? አንድ ለአምስት የሚባለው አደረጃጀት እዚህ በእውነት ይጠቅማል፤ አሥር ቡድን፣ አሥር ሃይላንድ። ሁሉም አንድ ዓይነት ሥራ ባይሠራ ይሻላል። አምስቱ ቡድን ግቢ ወጥቶ ሲለካ አምስቱ ክፍል ውስጥ ይሥላል። ዕቃውን የሚይዘው ሁልጊዜ አንዱ ጎበዝ ልጅ እንዳይሆን ተራ ይመደብ። ሴት ልጆች ጸሐፊ፣ ወንዶች ሠሪ የሚሆኑበት ልማድም ዓይን ካልተጣለበት በራሱ ይመጣል።

ከግቢ ውጭ ለሚወጣ፣ አዲስ አበባ ውስጥ 705 ሄክታር የሚሸፍነው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል አለ። አራት ኪሎ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም፣ ድንቅነሽ ያለችበት ብሔራዊ ሙዚየምና በ2015 ዓ.ም. የተከፈተው የሳይንስ ሙዚየምም አሉ። ጉብኝቱ ግን አንድ ጥያቄ ተይዞ ቢሄድ ነው የሚጠቅመው። «የዚህ እንስሳ ጥርስ ምን ይበላል?» ይበቃል።

ጥንቃቄው ብዙ አይደለም፤ ግን ቁም ነገር ነው። እንዶድና አስተናግር አፍ ውስጥ አይገቡም። የቅንጭብ ወተት ዓይን ይጎዳል። ክብሪት የመምህሩ ነው። ፀሐይን በቀጥታ ማየት ደግሞ በግርዶሽ ቀንም ክልክል ነው፤ በጥቁር መነጽርም ቢሆን። ካርቶን በመርፌ ተበስቶ ምስሉ ወረቀት ላይ ይታያል። ወንፊትም ይሠራል፤ በእያንዳንዱ ቀዳዳ አንድ የተገመጠች ፀሐይ ታሳያለች። ሰኔ 14 ቀን 2012 ላሊበላ ላይ የቀለበት ግርዶሽ ሲታይ ትምህርት ቤቶች በኮሮና ተዘግተው ነበር። ቀጣዩ ትልቅ አጋጣሚ ሐምሌ 26 ቀን 2019 ነው፤ ከኢትዮጵያ በከፊል ይታያል። ያኔ ደግሞ ክረምት ነው፤ ትምህርት ቤት ዝግ፣ ሰማዩም ደመና። ወንፊቱን ከሰኔ በፊት ለልጆቹ ማሳየት ያስፈልጋል።