ሲ፣ ኤ፣ ቲ፦ «ካት» ወይስ «ጫት»? እንግሊዝኛ ሊያስተምሩ ክፍል ለሚገቡ እጩ መምህራን

ድሬዳዋ ውስጥ አንድ ልጅ እንደሚገባበት ትምህርት ቤት በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማልኛ ወይም በአማርኛ ፊደል ይቆጥራል። እንግሊዝኛን እንደ አንድ ትምህርት ከታች ጀምሮ ያገኘዋል፤ 9ኛ ክፍል ሲደርስ ደግሞ ሌሎቹም ትምህርቶች በእንግሊዝኛ ይሰጡታል። ለፕራክቲከም (ለማስተማር ልምምድ) የሚላክ እጩ መምህር ሰዋስውን አጥንቶ፣ ለሰን ፕላኑን አስፈርሞ ይገባል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያደናቅፈው ግን ሰዋስው ሳይሆን ስለ ልጆቹ ይዞት የገባው ግምት ነው። ከታች በጥቅስ የተቀመጡት ርእሶች እነዚያ ግምቶች ናቸው።

«በላቲን ፊደል የተማረ ልጅ እንግሊዝኛ ማንበብ አይቸግረውም»

ግማሹ እውነት ነው። አፋን ኦሮሞ ቁቤ በሚባለው የላቲን ፊደሉ፣ ሶማልኛም ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በላቲን ስለሚጻፍ ልጁ ፊደሎቹን በመልክ ያውቃቸዋል። ችግሩም እዚያው ላይ ነው፤ የሚያውቃቸው በሌላ ድምፅ ነው። በቁቤ ሲ «ጭ»፣ ኤክስ ደግሞ «ጥ» ነው። ሲ፣ ኤ፣ ቲ ተብሎ የተጻፈውን የድመት ስም የቁቤ ልጅ «ጫት» ወደሚል ድምፅ ቢያስጠጋው ክፍሉ ይስቅ ይሆናል (ያውም በድሬ!)፤ ልጁ ግን የተማረውን ሕግ ነው የተከተለው። «ቦክስ»ም በዚያው ሕግ «ቦጥ» ይሆናል። በሶማልኛ ደግሞ ሲ እንደ ዓረብኛው ዓይን፣ ኤክስ እንደ ጉሮሮው ሐ ይነበባል። ሁለቱም አናባቢን የሚደርቡት ለማርዘም ነው፦ ድርብ ኢ ረዥም «ኤ»፣ ድርብ ኦ ረዥም «ኦ»። ስለዚህ «ሙን» «ሞን»፣ «ግሪን» «ግሬን» ተብሎ ቢነበብ አያስደንቅም።

መፍትሔው በመጀመሪያው ሳምንት አራት ነገር ብቻ በካርቶን ጽፎ መስቀል ነው፦ ሲ፣ ኤክስ፣ ድርብ ኢ እና ድርብ ኦ፤ ከእያንዳንዳቸው ጎን ሥዕል ያላቸው ሦስት ቃላት። በየክፍለ ጊዜው መጀመሪያ 3 ደቂቃ ማስነበብ ይበቃል። ሲን ለጊዜው «ክ» በምትሆንባቸው በ«ካት»፣ በ«ካፕ» እና በ«ካው» ብቻ አስይዙ። «ሲቲ» ላይ «ስ» መሆኗን በዚያው ቀን የጨመረ መምህር ሁለቱንም ድምፅ ያደባልቅባቸዋል።

በአማርኛ ፊደል የጀመረው ልጅ ጣጣው ሌላ ነው። 26ቱን ፊደላት ትልቅና ትንሽ አድርጎ፣ ማለትም 52 ቅርፅ፣ ከባዶ ይለምዳል። ትንሿን ቢ ከዲ፣ ፒን ከኪው ማምታታቱ የሚጠበቅ ነው። የሚጋጭበት የቀድሞ ድምፅ ግን የለውም። አንዱን ልጅ «ጎበዝ»፣ ሌላውን «ደካማ» ከማለት በፊት በየትኛው ፊደል እንደጀመረ መጠየቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

«‹ፓርክ›ን ‹ባርክ› የሚል ልጅ በደንብ አያዳምጥም»

ሶማልኛ «ፕ» የለውም፤ በኦሮምኛም የሚገኘው በውሰት ቃላት ነው። ደጋግሞ መጮህ ስለዚህ ዋጋ የለውም። ሁለት ጣት የሚያህል ቁራጭ ወረቀት ከከንፈር ፊት ይያዝ፤ «ፓርክ» ሲባል ወረቀቱ ይርገበገባል፣ «ባርክ» ሲባል እምብዛም አይነቃነቅም። የጣሪያ ማራገቢያ ካለ መጀመሪያ ይጥፋ፤ አለዚያ ወረቀቱ ለሁለቱም ይጨፍራል። «ስኩል»ን «እስኩል»፣ «ስቶፕ»ን «እስቶፕ» ለሚል ልጅ ደግሞ ከኋላ መጀመር ይሠራል፦ መጀመሪያ «ቶፕ»፣ ቀጥሎ እንደ እባብ ረዥም «ስስስ»፣ ከዚያ ሳይቆረጥ «ስስስቶፕ»።

«‹የስ ቲቸር› ካሉ ገብቷቸዋል»

60 ልጅ ባንድ ድምፅ «የስ ቲቸር» ማለቱ የሚያሳየው ጨዋነትን ነው። «ገባችሁ?» የሚለው ጥያቄ ከናካቴው ቢቀር ይሻላል። በእሱ ፋንታ መልሱ የሚታይ ጥያቄ ይጠየቅ፦ «ስንት ዓረፍተ ነገር፣ ሁለት ወይስ ሦስት? ለብቻ ወይስ በጥንድ? በደብተር ወይስ በቃል?» ቅደም ተከተሉም ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ትእዛዙ በአጭር ዓረፍተ ነገር ይነገር፤ ቀጥሎ ከፊት ዴስክ አንድ ልጅ ተነሥቶ ከመምህሩ ጋር ሠርቶ ያሳይ፤ ከዚያ ሁለት ሦስት ማረጋገጫ ጥያቄ ይቅረብ፤ «ጀምሩ» የሚባለው መጨረሻ ላይ ነው። «በጥንድ ሁኑ» ብሎ የጀመረ መምህር ዴስክ ሲንጓጓ የቀረውን ትእዛዝ ለራሱ ነው የሚናገረው።

«በእንግሊዝኛ ክፍል ከእንግሊዝኛ ሌላ መሰማት የለበትም»

በአፍ መፍቻው የተናገረን ልጅ ሳንቲም ማስከፈል ወይም ማስቆም የሚያስተምረው ዝምታን ነው። «አፕል»ን በሥዕል ማሳየት ይቻላል፤ «ቢኮዝ»ን ግን ማን ይሥለዋል? 10 ሰከንድ የማይፈጅ ፍቺ የ5 ደቂቃ ትወናን ያድናል። እዚህ ግን ሌላ ወጥመድ አለ፤ ልጆቹ ከተለያየ ቋንቋ የመጡ ከሆነ በአማርኛ ብቻ መተርጎም የቀሩትን ሁለት ጊዜ ማስቀረት ነው። ፍቺውን ተማሪዎቹ ይስጡት፦ «በአፋን ኦሮሞ ማን ይነግረናል? በሶማልኛስ?» «ቢኮዝ» ላይ ደግሞ ዕድል ተገኝቷል፤ ከዓረብኛ የመጣው «ሰበብ» በአማርኛም፣ በኦሮምኛ «ሰበባ» ተብሎም፣ በሶማልኛም አለ። አንድ ቃል ሰሌዳ ላይ ጽፎ ሁሉንም ማዳረስ ይቻላል።

ሦስቱ ቋንቋዎች ግሥን መጨረሻ ላይ ማስቀመጥ ስለሚቀናቸው «አይ ብሬድ ኤት» የሚል ዓረፍተ ነገር ከየትኛውም ዴስክ ይመጣል። ቃላቱን በሦስት ካርቶን ጽፎ ሦስት ልጆችን ፊት ማቆምና ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ቦታ ማቀያየር ከማብራሪያ ይልቅ ቶሎ ይያዛል።

«ዝም ያለ ልጅ አያውቅም፣ አቀላጥፎ ያወራ ልጅ ያውቃል»

አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሜሪ ባድ ሮው በ1970ዎቹ እንዳሳዩት መምህራን ጠይቀው የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ገደማ ነበር፤ ወደ 3 ሰከንድ ሲያደርሱት የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፣ ዝምታውም ቀነሰ። ጥያቄውን ሰምቶ፣ በራሱ ቋንቋ አስቦ፣ ወደ እንግሊዝኛ ለሚመልስ ልጅ ከዚያም በላይ ይሰጠው። ጠይቆ፣ በልብ እስከ አምስት ቆጥሮ፣ ከዚያ ስም መጥራት። ስሙ ቀድሞ ከተጠራ የቀሩት 59ኙ ማሰብ ያቆማሉ።

በተቃራኒው፣ ሐረር ጁገል ውስጥ ከቱሪስት ጋር እያወራ ያደገ ልጅ የባዮሎጂ መጽሐፍ ላይ ቢንገዳገድ አስመስሏል ማለት አይደለም። ጂም ከሚንስ የተባሉት የቋንቋ ምሁር የወሬን ቋንቋ ከትምህርት ቋንቋ የለዩት ለዚህ ነው፤ ቋንቋው በዙሪያቸው በሚነገርበት አገር እንኳ የመጀመሪያው በ2 ዓመት ገደማ ሲያዝ፣ ሁለተኛው 5 ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጃል።

«ጥሩ መምህር ስህተት አያሳልፍም»

በንግግር ጊዜ የልጁን ስህተት ሳያቋርጡ በማስታወሻ ይዞ፣ መጨረሻ ላይ ስም ሳይጠሩ ሁለት ሦስቱን ሰሌዳ ላይ ማረም ይሻላል። ደብተር ላይ ደግሞ ሒሳቡ ራሱ አይፈቅድም፦ 60 ደብተር በ2 ደቂቃ ቢታይ 2 ሰዓት ነው፤ ያውም የአንድ ክፍል። ለዚህ ሳምንት የሚታረመው ያለፈ ጊዜ ግሥ ብቻ ከሆነ ይህ ቀድሞ ይነገራቸው፤ ፊደል የሳተውም «ሺ»ና «ሂ» ያምታታውም በቀይ ሳይነካ ለሚቀጥለው ሳምንት ይደር።