በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ፦ የዘገየ የገቢ ግብር ቅጣትና ወለድ

በባሕር ዳር ነጋዴዎች ዘንድ «ቅጣትና ወለድ» ተጣብቆ እንደ አንድ ነገር ይነገራል። በሕጉ ግን ሦስት የተለያዩ ዕዳዎች ናቸው፦ ግብርን በወቅቱ ባለማሳወቅ የሚመጣ ቅጣት፣ በወቅቱ ባለመክፈል የሚመጣ ቅጣት እና በዘገየው ገንዘብ ላይ የሚታሰብ ወለድ። ሦስቱም በ2008 ዓ.ም. በወጣው የፌዴራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983 የተደነገጉ ሲሆን፣ የክልሉ ሕግም የፌዴራሉን ፈለግ የተከተለ ነው።

ለየትኛው መንግሥት እንደሚከፈል የሚወስነው ሕገ መንግሥቱ ነው። አንቀጽ 97 በግል የሚነግዱ ሰዎችን የትርፍ ግብር ለክልሎች ይሰጣል። እዚያው አንቀጽ ውስጥ በሌላ ከተማ ብዙም የማይነሳ፣ ለጣና ግን የተጻፈ የሚመስል ሐረግ አለ፤ በክልሉ ውስጥ በሚገኙ ውኃዎች ላይ ከሚሰጥ የትራንስፖርት አገልግሎት የሚገኝ ገቢ ግብሩ የክልሉ ነው ይላል። ጎብኚ ይዞ ወደ ዘጌ ገዳማት የሚያቋርጥ የሞተር ጀልባ ባለቤት ጉዳዩ ከክልሉ ገቢዎች መሥሪያ ቤት ጋር የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የግብር ዓመቱ ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ያበቃል። ነጋዴዎች በዓመታዊ ገቢያቸው መጠን በደረጃ ይለያሉ፤ ከፍተኛ ገቢ ያለውና የሂሳብ መዝገብ የሚይዘው የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ ዓመቱ ካለቀ በኋላ አራት ወር ስላለው የመጨረሻ ቀኑ ጥቅምት 30 ነው። በ2008 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ለደረጃ «ለ» ሁለት ወር፣ ለደረጃ «ሐ» ደግሞ የሐምሌ ወር ብቻ ተሰጥቶ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ ደረጃ «ሐ»ን አስቀርቷል።

ጥቅምት 30 ለሐይቁ ዳርቻ አመቺ ቀን አይደለም። ግብሩ የሚጠየቀው ሰኔ ላይ በተዘጋው ዓመት ትርፍ ነው፤ ያ ገንዘብ ግን በክረምቱ ለሞተር ጥገና፣ ለሠራተኛ ደመወዝ፣ ለልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ወጥቶ አልቋል። ጎብኚው መምጣት የሚጀምረው ከመስቀል ወዲህ ነው። እጁ ላይ ገንዘብ የሌለው ሰው «ሳልከፍል ምን ብዬ እሄዳለሁ» ብሎ ቤቱ ይቀመጣል። ከስህተቶቹ ሁሉ ውዱ ይህ ነው፤ ማሳወቅና መክፈል በሕጉ ሁለት ግዴታዎች ናቸውና።

ያላሳወቀ ሰው ለእያንዳንዱ የግብር ጊዜ (ለነጋዴው የትርፍ ግብር አንድ ዓመት ነው) ወይም ለከፊሉ ካልተከፈለው ግብር 5 በመቶ ይቀጣል፤ ጠቅላላው ከ25 በመቶ አይበልጥም፤ የመጀመሪያው የግብር ጊዜ ቅጣትም ከ50,000 ብር አያልፍም። ነጋዴው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ዝቅተኛውን ወለል ነው። ቅጣቱ ከ10,000 ብር ወይም ከራሱ ከግብሩ መጠን፣ ከሁለቱ ካነሰው፣ በታች አይወርድም። በዚህ ስሌት 3,000 ብር ግብር ያለበት ሰው ባለማሳወቁ ብቻ ዕዳው እጥፍ ይሆናል። ምንም የሚከፈል ግብር የሌለበትም አያመልጥም፤ ባዶውን ባለማሳወቁ ለእያንዳንዱ የግብር ጊዜ 10,000 ብር ይጠየቃል። ጀልባው ዓመቱን ሙሉ ወደብ ላይ ታስሮ ለከረመ ሰው ይህ ጭካኔ ይመስላል፤ ሕጉ ግን የሚቀጣው ገቢውን ሳይሆን ዝምታውን ነው።

ያልከፈለ ሰው ደግሞ የመጀመሪያው ወር እንደገባ 5 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ በየወሩ 2 በመቶ ይጨመርበታል። የወር ቁራጭ እንደ ሙሉ ወር ይቆጠራል። ይህ ቅጣት ሲደማመር ከግብሩ መጠን አይበልጥም።

እንበል፣ አንድ የጀልባ ባለቤት 100,000 ብር ግብር አለበት፤ ያሳወቀውም የከፈለውም ታኅሣሥ 10 ቀን ነው። ባለማሳወቁ 5 በመቶው 5,000 ብር ቢሆንም ወለሉ 10,000 ያደርገዋል። ባለመክፈሉ ለኅዳር 5,000፣ ለታኅሣሥ 2,000 ይታሰብበታል። ድምሩ 17,000 ብር፣ በላዩም የ40 ቀን ወለድ። ይኸው ሰው ጥቅምት 30 ቀን ሰባራ ሳንቲም ሳይዝ ሄዶ አሳውቆ ቢሆን ኖሮ ቅጣቱ 7,000 ብር ነበር።

ወለዱ መነሻ የሚያደርገው ካለፈው ሩብ ዓመት የንግድ ባንኮች የማበደሪያ ወለድ ከፍተኛውን ነው፤ በዚያ ላይ 15 በመቶ ይጨመራል። ቀን በቀን ይቆጠራል፤ ወለድ ግን ወለድ አይወልድም። ስሌቱ ግብር ማቆየት ከባንክ ብድር እንዳይረክስ ታስቦ የተሠራ ነው። መክፈያ ጊዜ እንዲራዘም ወይም በየጊዜው ተከፋፍሎ እንዲከፈል በጽሑፍ ማመልከት ይቻላል፤ ማራዘሚያው ቢፈቀድም ወለዱ መቁጠሩን አያቆምም።

በዳርቻው ያሉ ሆቴሎች ሌላም ሰዓት ይቆጥርባቸዋል። ከሠራተኛ ደመወዝ የቀነሱትን ግብር ወሩ ባለቀ በ30 ቀን ውስጥ ገቢ ማድረግ አለባቸው፤ ገንዘቡ የሠራተኛው እንጂ የእነርሱ ስላልሆነ እዚህ ላይ መዘግየት ይበልጥ ያስነውራል።

የግብር ውሳኔው ትክክል አይደለም የሚል ሰው በአዋጁ መሠረት በ21 ቀን ውስጥ ውሳኔውን ለሰጠው የግብር መሥሪያ ቤት ቅሬታ ያቀርባል። መልሱ ካላረካው በ30 ቀን ውስጥ ለታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ማመልከት ይችላል፤ መዝገቡ እንዲከፈትለት ግን ከሚከራከርበት ግብር ግማሹን አስቀድሞ መክፈል አለበት።