የበረራ ጊዜ ምንድን ነው? ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን በምሳሌነት

የበረራ ጊዜ ስንል በትኬት ላይ የሚሰፍረውን፣ አውሮፕላኑ ከመነሻው ማቆሚያ ከተንቀሳቀሰበት ቅጽበት አንስቶ በመድረሻው ማቆሚያ እስኪቆም ድረስ የሚፈጀውን ጊዜ ማለታችን ነው፤ ለመነሳት ተራ ሲጠበቅ የሚያልፈውም ደቂቃ በዚሁ ውስጥ ይቆጠራል። ርቀትን ለፍጥነት በማካፈል ብቻ የሚገኝ ቢሆን ኖሮ መሄጃውም መመለሻውም እኩል በሆነ ነበር። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ባለው መንገድ ግን ልዩነቱ ሰዓታት ይሆናል።

በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው አጭሩ የአየር ርቀት ከ11,500 ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። ጠፍጣፋ ካርታ ላይ በማስመሪያ የሚያገናኛቸው ሰው መስመሩ ቻድንና ማሊን አቋርጦ ወደ አትላንቲክ ሲወጣ ያያል። ምድር ክብ በመሆኗ ግን እውነተኛው አጭር መንገድ ወደ ሰሜን ጎብጦ በሱዳን፣ በሊቢያና በአልጄሪያ ሰማይ ያልፋል፤ አጋማሹም የሚውለው ፖርቱጋል ላይ ነው። አውሮፕላኖች ይህን መስመር እንዳለ ይከተላሉ ማለት አይደለም። ለምሳሌ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲቀሰቀስ የአገሪቱ የአየር ክልል ለመንገደኞች በረራ በመዘጋቱ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ግድ ሆኗል።

ከርቀቱ ይልቅ የመሄጃውንና የመመለሻውን ልዩነት የሚወስነው የቦሌ ከፍታ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም። አውሮፕላን ማረፊያው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል። በዚያ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ የሚሰጠው ግፊት ይቀንሳል፣ ክንፉም አውሮፕላኑን ለማንሳት የበለጠ ፍጥነትና ረዘም ያለ መንደርደሪያ ይፈልጋል፤ ስለዚህ አውሮፕላኑ መንገደኛውን፣ ሻንጣውንና እስከ ዋሽንግተን የሚያደርሰውን ነዳጅ በሙሉ ጭኖ መነሳት ይቸግረዋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በተለያዩ ጊዜያት በሮም፣ በደብሊንና በሎሜ እያረፈ ነዳጅ ሲሞላ የቆየው በዚህ ምክንያት ነው፤ ማረፊያው ሲታከልበትም ጉዞው ከ16 ሰዓት በላይ ይፈጃል። የዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ከፍታ በአንጻሩ 100 ሜትር እንኳ ስለማይሞላ፣ ከዚያ የሚነሳው አውሮፕላን ታንኩን ሞልቶ በ13 ሰዓት ገደማ በቀጥታ አዲስ አበባ ይገባል።

ነፋሱም ያግዛል። በአትላንቲክ ላይ፣ አውሮፕላኖች በሚበሩበት ከፍታ፣ ጄት ስትሪም የሚባለው ብርቱ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል፤ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚበረውን አውሮፕላን ወደ አገር ቤት ሲመለስ ከኋላ ይገፋዋል፣ ወደ አሜሪካ ሲሄድ ደግሞ ፊት ለፊት ይገጥመዋል። ይህ በአሜሪካውያኑ ክረምት፣ ማለትም በእኛ በጋ፣ ወራት ይበረታል።

ትኬት ላይ የመነሻና የመድረሻ ሰዓት የሚጻፈው በየከተማው አቆጣጠር ስለሆነ፣ ሁለቱን ብቻ ቀንሶ የበረራ ጊዜን ማግኘት አይቻልም። በበጋቸው ወራት አዲስ አበባ ዋሽንግተንን በ7 ሰዓት፣ በክረምታቸው ደግሞ በ8 ሰዓት ትቀድማለች። በበጋቸው 11:00 ላይ፣ በእኛ አቆጣጠር ከረፋዱ 5 ሰዓት፣ ከዋሽንግተን ተነስቶ 13 ሰዓት የበረረ ሰው በማግስቱ 07:00 ላይ ቦሌ ይደርሳል፤ ሊቀበለው የሚሄድ ዘመድ ታዲያ 07:00 የተባለው ከጠዋቱ 1 ሰዓት መሆኑን ልብ ሊል ይገባል።