ዱርጋባይ ዴሽሙክ፦ በሕንድ የማኅበራዊ ደኅንነት ሥራን ተቋማዊ መሠረት ያስያዙ ሴት

ዱርጋባይ ዴሽሙክ (1909–1981) ለሕንድ ነጻነት ሲታገሉ የታሰሩ፣ በአገሪቱ የሕገ መንግሥት ጉባኤ ውስጥ የተሟገቱ፣ ከነጻነት በኋላም የማዕከላዊ ማኅበራዊ ደኅንነት ቦርድን በመጀመሪያ ሊቀ መንበርነት የመሩ የሕግ ባለሙያ ነበሩ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ቀኖች፣ ወሮችና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ስማቸው ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው የነጻነት ታጋይነታቸው ነው፤ ከሁሉ ይልቅ ሥር ሰድዶ የቀረው ሥራቸው ግን ሌላ ነው። በአንዲት ሴት ላይ የደረሰ ችግር ሲያጋጥማቸው ለዚያች ሴት ብቻ መፍትሔ ፈልገው አያልፉትም ነበር፤ ነገሩ ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታል፣ የመንግሥት ቦርድ ወይም ሕግ እስኪሆን ድረስ ይከታተሉት ነበር።

የተወለዱት ሐምሌ 15 ቀን 1909 ቴሉጉ ተናጋሪ በሆነው የአንድራ ምድር፣ በጎዳቫሪ ወንዝ ዳር በምትገኘው የራጃሙንድሪ ከተማ ነው። በዘመኑ ልማድ መሠረት ገና በ8 ዓመታቸው ለአንድ ባለመሬት ቤተሰብ ልጅ ተዳሩ። ዕድሜያቸው ደርሶ አብረው እንዲኖሩ በተጠየቁ ጊዜ ግን ይህ ጋብቻ በፈቃዳቸው እንዳልተፈጸመና የሚሹት ሕይወት ሌላ እንደ ሆነ ለባላቸው በግልጽ ነግረው ተለያዩ። ባልየው በኋላ ሌላ ሴት አገቡ። ሰውየው በ1941 ሲሞቱ መበለቲቱን ተቀብለው ሙያ እንድትሠለጥን ያደረጉት ዱርጋባይ መሆናቸው፣ ያለ ዕድሜ ጋብቻን የተቃወሙት በሰው ላይ ቂም ይዘው እንዳልነበረ ያሳያል።

ትምህርት በእንግሊዝኛ ብቻ እንዲሰጥ መደረጉን በመቃወም በ12 ዓመታቸው ገደማ ከትምህርት ቤት ወጡ፤ ከዚያም ሂንዲ ተምረው በአካባቢያቸው ላሉ ሴቶች ልጆችና እናቶች ቋንቋውን የሚያስተምሩበት አነስተኛ ትምህርት ቤት ከፈቱ። በ1923 የነጻነት ትግሉን ይመራ የነበረው ፓርቲ፣ የሕንድ ብሔራዊ ኮንግረስ፣ ጉባኤውን በካኪናዳ ባካሄደ ጊዜ የ14 ዓመቷ ታዳጊ ከትምህርት ቤቱ ሴቶች ጋር በጎ ፈቃደኛ ሆና ተሰለፈች። ጉባኤውን አስመልክቶ በተከፈተው የካዲ፣ ማለትም በእጅ ተፈትሎ የተሸመነ ጨርቅ፣ ዐውደ ርእይ በር ላይ ቲኬት የምትቈጣጠረው እርስዋ ነበረች። በኋላ የሕንድ የመጀመሪያ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ጃዋሃርላል ኔህሩ ቲኬት ሳይዙ ሲመጡ አላስገባቸውም አለች፤ አዘጋጆቹ ሲቈጡአት የተሰጠኝን ትእዛዝ ነው የፈጸምኩት ብላ መለሰች። ኔህሩ የገቡት ቲኬት ከተገዛላቸው በኋላ ሲሆን፣ ልጅቷንም ኃላፊነቷን በመወጣቷ አመሰገኗት።

ለኋለኛው ሥራቸው ይበልጥ ፍንጭ የሚሰጠው ግን ማህተማ ጋንዲ ወደ ካኪናዳ በመጡ ጊዜ የሆነው ነው። ታዳጊዋ ዱርጋባይ ጋንዲ ከዴቫዳሲዎችና ፊታቸውን ሸፍነው ከሚኖሩ ሙስሊም ሴቶች ጋር እንዲገናኙ ፈለገች። ዴቫዳሲዎች በልጅነታቸው ለቤተ መቅደስ አገልግሎት የሚሰጡ፣ በጊዜ ብዛትም በባለጠጎች እጅ ወድቀው በኅብረተሰቡ ዘንድ የሚናቁ ሴቶች ነበሩ። የአካባቢው አዘጋጆች ለትግሉ የሚውል 5,000 ሩፒ ካመጣች ጥቂት ደቂቃ እንደሚሰጧት ነገሯት። ገንዘቡን ያዋጡት ራሳቸው ዴቫዳሲዎቹ ናቸው። ጋንዲ ከተመደበው ጊዜ አልፈው ከሴቶቹ ጋር ቈዩ፤ ሴቶቹም ጌጣጌጣቸውን እያወለቁ ሰጡ። በዚያው ቀን በሕዝባዊው ስብሰባ ላይ የጋንዲን ንግግር ከሂንዲ ወደ ቴሉጉ የተረጐመችው ይህችው ልጅ ነበረች። የተናቁትን ሴቶች እርዳታ ጠባቂ ሳታደርግ ሰጪ አድርጋ ማቅረቧ በዚያ ዕድሜ የሚጠበቅ ማስተዋል አልነበረም።

በ1930 የእንግሊዝ ቅኝ ገዢዎች በጨው ላይ ያወጡትን ሕግ ለመጣስ የተጠራው እንቅስቃሴ ማድራስ (የዛሬዋ ቼናይ) ሲደርስ ዱርጋባይ ከግንባር ቀደሞቹ መካከል ስለነበሩ ታሰሩ። እስከ 1933 ባለው ጊዜ ሦስት ጊዜ ታስረዋል፤ በቬሎርና በማዱራይ ወኅኒ ቤቶች የቈዩ ሲሆን፣ በማዱራይ ለብቻቸው በአንዲት ክፍል ተዘግቶባቸው በጤናቸው ላይ ከባድ ጉዳት ደርሷል። በቬሎር ሳሉ ከፖለቲካ እስረኞች ተለይተው በባሰ ሁኔታ የተያዙ ድሆች ሴቶችን ቀርበው አዩ፤ ታሪካቸውንም አዳመጡ። በነፍስ ግድያ የተፈረደባቸው አንዳንዶቹ የተከሰሱበትን ነገር በቅጡ ሳይረዱ፣ የሚሟገትላቸውም ሰው ሳያገኙ ለእስራት የተዳረጉ ነበሩ። ሕግ ለማጥናት የወሰኑት እነዚህን ሴቶች ካወቁ በኋላ ነው።

ውሳኔው ቀላል አልነበረም፤ ከእስር ሲወጡ ሃያ ዓመት ያለፋቸው፣ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት እንኳ በወጉ ያልጨረሱ ሴት ነበሩና። በግል አጥንተው የባናራስ ሂንዱ ዩኒቨርሲቲን የመግቢያ ፈተና አለፉ። ወደ አንድራ ዩኒቨርሲቲ ሲያመለክቱ ለሴቶች ማደሪያ የለንም ተባሉ፤ እሳቸውም መማር የሚሹ ሌሎች ሴቶችን አፈላልገው ማደሪያውን ራሳቸው አቋቋሙ። በ1939 በፖለቲካ ሳይንስ፣ በ1942 ደግሞ በማድራስ በሕግ ተመርቀው ጥብቅና ጀመሩ።

በዚሁ መካከል፣ በ1937፣ አንድራ ማሂላ ሳባ የተባለው የአንድራ ሴቶች ማኅበር ማድራስ ውስጥ ተመሠረተ። ማኅበሩ የጀመረው የሠፈር ልጆችን ሰብስቦ በማስተማርና በማጫወት ነበር፤ እናቶቻቸው ሲከተሉ ሥራው ሰፋ። ባሎቻቸው የሞቱባቸው፣ የተፈቱ ወይም በልጅነታቸው ተድረው ትምህርት ያቋረጡ ሴቶች ወደ ማኅበሩ ይመጡ ጀመር። ዱርጋባይ ራሳቸው ያለፉበትን መንገድ ያውቁታልና ሴቶቹን በአጭር ጊዜ ለባናራሱ ፈተና የሚያዘጋጅ ትምህርት ዘረጉ። ከትምህርቱ ጐን የእጅ ሥራ ሥልጠና፣ «አንድራ ማሂላ» የተሰኘ መጽሔት፣ የወሊድ ክሊኒክ፣ የነርሶችና የአዋላጆች ማሠልጠኛ ተከታትለው ተቋቋሙ። በኋላ ማኅበሩ ወደ ሃይደራባድ ሲዘረጋ ሆስፒታል፣ ኮሌጆችና ለጐልማሶች የማንበብና የመጻፍ ትምህርት የሚሰጥ ማዕከል ከፍቷል። የማኅበሩ ጥንካሬ አንዱ ሥራ ለሌላው ሰው ማፍራቱ ላይ ነው፤ የሚሠለጥኑት ሴቶች ሥራ የሚያገኙባቸውን ተቋማት ራሱ ማኅበሩ ይከፍት ነበር።

በ1946 ከማድራስ ግዛት ለሕገ መንግሥት ጉባኤው ተመረጡ። በጉባኤው ከነበሩት ጥቂት ሴቶች አንዷ ሲሆኑ፣ ሊቀ መንበሩ በሌለ ጊዜ ስብሰባውን እንዲመሩ ከተሰየሙት መካከልም ብቸኛዋ ሴት ነበሩ። ብዙ ማሻሻያዎችን አቅርበዋል። ለላይኛው ምክር ቤት አባልነት የሚጠየቀው ዕድሜ ከ35 ወደ 30 ዝቅ እንዲል፣ ቤተ መቅደሶችም ለሁሉም የሂንዱ ክፍሎች ክፍት እንዲሆኑ ተሟግተዋል። የሴቶችን የውርስ መብት ይደግፉ ነበር፤ በቋንቋ ጉዳይም ሂንዲንና ኡርዱን የሚያቀራርበውን ሂንዱስታኒ መርጠው፣ ሂንዲን በደቡብ ሕዝብ ላይ በግድ መጫን ተቃውሞ እንደሚያስነሣ አስጠንቅቀዋል። በልጅነታቸው ሂንዲን በፈቃዳቸው ያስተማሩ ሴት ይህን ማለታቸው ለክርክሩ ልዩ ክብደት ሰጥቶት ነበር።

በ1952 ምርጫ የፓርላማ መቀመጫ ሳያገኙ ቢቀሩም፣ ኔህሩ የዕቅድ ኮሚሽን አባል አድርገው ሾሟቸው። በዚያ የማኅበራዊ አገልግሎት ዘርፍ ተሰጣቸው። ግድብ፣ ባቡርና ብረት ፋብሪካ በሚታቀዱበት ጠረጴዛ ላይ ለሙት ልጆች ማሳደጊያና ለአካል ጉዳተኞች ማዕከል በጀት መጠየቅ በወቅቱ እንግዳ ነገር ነበር። ዱርጋባይ በመላ አገሪቱ የሚገኙትን በጎ አድራጊ ማኅበራት ሁኔታ አስጠንተው፣ አብዛኞቹ በጥቂት ለጋሾች ትከሻ ላይ የቆሙ መሆናቸውን አሳዩ። ውጤቱ በመጀመሪያው የአምስት ዓመት ዕቅድ ለእነዚህ ማኅበራት ድጋፍ 40 ሚሊዮን ሩፒ መመደቡ ነው። ገንዘቡን የሚያስተዳድረው የማዕከላዊ ማኅበራዊ ደኅንነት ቦርድ በነሐሴ 1953 ተቋቁሞ እሳቸው ሊቀ መንበር ሆኑ።

የቦርዱ አሠራር ሊታወቅ ይገባዋል፤ በእኔ እምነት የሕይወታቸው ትልቁ ሥራ ይህ ነው። የመንግሥት ገንዘብ በመንግሥት ሠራተኛ እጅ ብቻ ቢያልፍ ሥራው ወደ ደብዳቤ ልውውጥ ይለወጣል፤ በጎ አድራጊዎች ያለ መንግሥት ድጋፍ ቢተዉ ደግሞ ሥራቸው ከከተማ አይወጣም። ቦርዱ በሁለቱ መካከል ቆመ። በየክፍለ ግዛቱ የበታች ቦርዶች ተቋቋሙ፤ የሚመሩአቸውም አብዛኛውን ጊዜ የመንግሥት ሹመት የሌላቸው የአካባቢው ሴቶች ነበሩ። ማኅበራት የሥራ ዕቅዳቸውን እያቀረቡ ድጎማ ያገኛሉ፤ ማኅበር በሌለበት ገጠር ግን ቦርዱ ራሱ ከ1954 ጀምሮ የገጠር ደኅንነት ፕሮጀክቶችን ዘረጋ። አንዱ ፕሮጀክት 25 ያህል መንደሮችን ይሸፍን ነበር፤ በየማዕከሉም ለሕፃናት መዋያ፣ ለእናቶች የወሊድ እርዳታ፣ ለሴቶች የእጅ ሥራና የማንበብ ትምህርት ይሰጥ ነበር።

ፕሮጀክቶቹ ወዲያው አንድ እንቅፋት ገጠማቸው፤ በመንደር ተቀምጣ የምታስተምር፣ የምታዋልድና ሕፃናት የምትንከባከብ የተማረች ሴት አልተገኘችም። ከከተማ የሚላኩት በገጠር ለመቈየት ይቸገራሉ፤ የመንደሯ ሴት ደግሞ ለሥልጠና የሚያበቃ ትምህርት የላትም። ዱርጋባይ በማድራስ የሞከሩትን መንገድ እዚህ በአገር ደረጃ አመጡት። በ1958 ቦርዱ ለጐልማሳ ሴቶች የተጨመቀ የትምህርት መርሐ ግብር ጀመረ፤ ትምህርት ያቋረጡ ሴቶች የብዙ ዓመቱን ትምህርት በሁለት ዓመት ያህል አጠናቅቀው ለመምህርነት፣ ለነርስነትና ለገጠር ሠራተኛነት ሥልጠና እንዲበቁ የሚያደርግ ነበር። በርካታ መበለቶችና የተፈቱ ሴቶች በዚህ መንገድ ባለ ደመወዝ ሆነዋል።

በቦርዱ ላይ የሚሰነዘር ትችትም አለ። በየክፍለ ግዛቱ የተሾሙት መሪዎች ብዙዎቹ የተማሩ የከተማ ቤተሰብ ሴቶች ስለነበሩ፣ ሥራው የመሬት ባለቤትነትንና የደመወዝን ጥያቄ ሳይነካ በስፌትና በመዋያ ላይ እንዳተኮረ ይነገራል። ትችቱ እውነትነት አለው። ሆኖም በዚያን ጊዜ ለመንደር ሴት ከማዕከላዊ መንግሥት ዘንድ የሚደርስ ሌላ አገልግሎት እምብዛም እንዳልነበረ ሳያስቡ መፍረድ ተገቢ አይሆንም።

በ1958 መንግሥት ያቋቋመውን የሴቶች ትምህርት ብሔራዊ ኮሚቴ የመሩትም እሳቸው ናቸው። ኮሚቴው በ1959 ባቀረበው ሪፖርት የሴቶች ልጆች ትምህርት ራሱን የቻለ ጉዳይ ሆኖ ቅድሚያ እንዲያገኝ፣ በወንዶችና በሴቶች መካከል ያለው ልዩነትም ሆነ ተብሎ እንዲጠብ ጠየቀ፤ ይህን የሚከታተል ብሔራዊ ምክር ቤት ሲቋቋምም የመጀመሪያዋ ሊቀ መንበር ሆኑ። በዴልሂ ለሚኖሩ የአንድራ ተወላጆች ትምህርት ቤቶችን፣ በኋላም የማኅበራዊ ልማት ጥናት ምክር ቤትን መሥርተዋል።

በጥር 1953 የአገሪቱን ማዕከላዊ ባንክ፣ የሕንድ ሪዘርቭ ባንክን፣ ከመሩ ሕንዳውያን የመጀመሪያ የነበሩትንና በወቅቱ የገንዘብ ሚኒስትር የሆኑትን ቺንታማን ዴሽሙክን አገቡ፤ ከምስክሮቹ አንዱ በልጅነታቸው ያለ ቲኬት አላስገባም ያሏቸው ኔህሩ ነበሩ። ባልና ሚስቱ በ1975 ሁለቱም ፓድማ ቪቡሻን የተባለውን የአገሪቱን ሁለተኛ ከፍተኛ የሲቪል ሽልማት ተቀብለዋል። ዱርጋባይ ግንቦት 9 ቀን 1981 አረፉ። በዴልሂ አንድ የሜትሮ ባቡር ጣቢያ በስማቸው ይጠራል።

በ1950ዎቹ መጀመሪያ ቻይናን ጐብኝተው ሲመለሱ የቤተሰብ ጉዳይ ከተራው ክርክር ተለይቶ በልዩ ችሎት እንዲታይ ለኔህሩና ለዳኞች ሐሳብ አቅርበው ነበር። ሐሳቡ ሕግ የሆነው ግን እሳቸው ካረፉ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1984፣ የቤተሰብ ፍርድ ቤቶች ሕግ ሲወጣ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት ፍርድ ቤቱ ከሁሉ አስቀድሞ ባለጉዳዮቹን ለማስማማት ይሞክራል፤ የምክር ባለሙያዎች ይመደቡለታል፤ ዳኞች ሲሾሙ ለሴቶች ቅድሚያ ይሰጣል፤ የማኅበራዊ ደኅንነት ማኅበራትም ከችሎቱ ጋር ተባብረው እንዲሠሩ በአንቀጽ ተደንግጓል።